የኬሞ ክኒን ቤት ሲገባ

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው የሆስፒታል አልጋና በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ «የእርስዎ በክኒን ነው» ያለ ዕለት ታዲያ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ክኒን ነዋ! ራስ ምታትም በክኒን፣ ወባም በክኒን። ነገሩ የቀለለ ይመስላል።

አልቀለለም። እዚህ ባሕር ዳር ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ጀርባ ሆኜ ደጋግሜ የምናገረው ነገር ቢኖር የኬሞ ክኒን ጉልበት ከመርፌው እንደማያንስ ነው። ካፔሲታቢንን እንይ። ለጡት፣ ለትልቁ አንጀትና ለጨጓራ ካንሰር የሚታዘዝ ክኒን ነው። ከተዋጠ በኋላ ሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል ይቀየራል። ፍሎሮዩራሲል ደግሞ በደም ሥር ሲሰጥ የኖረው ያው ኬሞ ነው። መግቢያው ብቻ ነው የተለየው።

ሆስፒታል ሆኖ ኬሞ የሚወስድ ሰው ጠባቂ አለው። ሲስተር ክብደቱን ትለካለች፣ የደም ውጤቱን ታያለች፣ «ከባለፈው ወዲህ ምን ተሰማዎት?» ትላለች። አንድ ነገር ካላማራት መድኃኒቱን ሳትሰቅል ዶክተሩን ትጠራለች። ክኒኑ ቤት ሲገባ ይህ ሁሉ ሥራ በታማሚውና በአስታማሚው ላይ ይወድቃል። እኔ እንዳየሁት ሰው «እንዴት ይዋጣል» የሚለውን ቶሎ ይለምደዋል። የሚከብደው «መቼ አልውጥም» የሚለው ነው። ከታች ረዘም አድርጌ እመጣበታለሁ።

የያዙት የትኛውን ነው?

«የካንሰር ክኒን» የሚባል አንድ መድኃኒት የለም። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። ካፔሲታቢን አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ይወሰድና 7 ቀን ይታረፋል። ብዙዎች ግሊቬክ እያሉ የሚጠሩት ኢማቲኒብ ግን ዕረፍት የለውም። ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኪሚያ ለሚባለው የደም ካንሰር በየቀኑ ይዋጣል፤ ለዓመታት። የደም ካንሰር ያለባቸው ልጆች የሚወስዱት ሜቶትሬክሴት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ አብሮት የሚታዘዘው መርካፕቶፑሪን በየቀኑ። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው መቀላቀል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት። በሳምንት አንዴ የሚወሰድን ሜቶትሬክሴት በየቀኑ መዋጥ ሰው ይገድላል። በብዙ አገር የደረሰ ነገር ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ «በሳምንት 1» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አይበቃም። የቀኑ ስም ይጻፍልዎ፦ «ሐሙስ ሐሙስ» ተብሎ።

በዚህ ምክንያት «እኔ ስወስድ እንዲህ ነበር» የሚል የቀጠሮ ወዳጅ ምክር፣ በደግነት የተሰጠ ቢሆንም፣ ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። የእሱ ክኒን ሌላ ነው።

መጠኑም የግል ነው። የካፔሲታቢን መጠን የሚሰላው ከቁመትና ከክብደት ነው። ክኒኑ ባለ 500 እና ባለ 150 ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 1500 ሚሊግራም ቢታዘዝለት ባለ 500ውን 3 ፍሬ ጠዋት፣ 3 ፍሬ ማታ ይውጣል። በ14 ቀን 84 ፍሬ ማለት ነው። ከመስኮቱ ሳይነሡ ይቁጠሩት። አንዳንዱ ሰው ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ይታዘዝለታል። ያኔ የቱ 500፣ የቱ 150 እንደሆነ ማሸጊያው ላይ በትልቁ ያስጽፉ። ማንበብ የሚችለው ልጅ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ሰዓት ክኒኑን የሚሰጠው ማን ነው? እሱም አብሮ ይስማ። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሲመጣ ቀለሙና ቅርጹ ሊለይ ይችላል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ቢሆንም ከመዋጥዎ በፊት ይጠይቁ።

ሰዓቱና ቀኑ

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ጋ ጣጣ ያመጣል። ማሸጊያው ላይ «8:00» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የጻፈው ባለሙያ በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ወስዶ የሚያነበው ሰው ደግሞ 8 ሰዓት ይላል። የጠዋቱን አንዱ በነገረው መሠረት 2 ሰዓት ላይ ውጦ፣ የማታውን ከጽሑፉ አይቶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢውጥ በመካከሉ 18 ሰዓት ያልፋል። ቀጣዩ ጠዋት ደግሞ ከ6 ሰዓት በኋላ ይመጣል። ካፔሲታቢን የሚፈልገው 12 ሰዓት ያህል ልዩነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በምግብ ይያዝ። ከቁርስ በኋላ፣ ከእራት በኋላ። ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ እራትም ምሽት 1 ሰዓት ይሁን።

የቀን ቆጠራውም እንደዚሁ ነው። 14 ሲደመር 7፣ 21 ቀን፤ ሦስት ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ዙር ሁልጊዜ በተጀመረበት የሳምንቱ ቀን ይጀምራል። ቅዳሜ የጀመሩ ከሆነ፣ የጀመሩበትን ሳይቆጥሩ፣ ቅዳሜ ገበያ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ያቆማሉ፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ፣ የደም ምርመራው ጥሩ ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ከወሩ ቀን ይልቅ በሳምንቱ ቀን መያዝ ይሻላል። ሆስፒታሉ ቀጠሮውን በፈረንጅ ቀን ቢጽፈው፣ ጳጉሜንም መሐል ቢገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

አንድ ጊዜ ቢረሳስ? ለማካካስ በሚል እጥፍ አይዋጥም። የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱና የዘለሉትን ጽፈው ይያዙ። ከዋጡ በኋላ ቢያስታውክዎም ደግመው አይዋጡ። ምን ያህሉ ወደ ሰውነት እንደገባ አይታወቅም። ይደውሉና ይጠይቁ።

ባዶ ሆድና ጾም

ካፔሲታቢን ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውኃ ይዋጣል። ኢማቲኒብም ከምግብ ጋርና በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ አለበለዚያ ጨጓራ ይረብሻል። በባዶ ሆድ የሚወሰዱ ሌሎች የካንሰር ክኒኖችም ስላሉ «ሁሉም ከምግብ በኋላ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። የእርስዎን ይጠይቁ።

ሁዳዴ ሲገባ ይህ ነገር ይከብዳል። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው የጠዋቱን ካፔሲታቢን በምን ላይ ይውጠዋል? ብዙዎች በዝምታ የጠዋቱን ወደ 9 ሰዓት ይገፉታል፤ የማታውንም ሦስት አራት ሰዓት ቆይተው ይደግሙታል። ዶክተሩ አያውቅም። የደም ውጤቱ ሲበላሽ ግራ ይገባዋል።

ልብ ይበሉ፣ የጾም ምግብ ችግር የለበትም። ሽሮም፣ ምስርም፣ የአጃ ገንፎም ምግብ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ረመዳን ላይም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ መጾሙ ሳይሆን መደበቁ ነው።

ጸበልም እንደዚያው። ጸበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር። ለካንሰር ክኒንም ምክሩ ይሠራል። ብቻ ኢንፌክሽን የሚከላከለው የደም ሕዋስዎ በወረደበት ሳምንት ሰው ከሚጨናነቅበት ቦታ ራቅ ማለት ይበጃል፤ ስለሚጠጣውም ውኃ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ማን ይንካው፣ የት ይቀመጥ

የኬሞ ክኒን ለታማሚው መድኃኒት ነው፤ ለጤነኛው ሰው ግን አይበጅም። ስለዚህ አስታማሚ በባዶ እጁ አይነካውም። ጓንት ካለ ጓንት። ከሌለ እንዲህ ይደረጋል፦ ጠርሙሱ ዘንበል ተደርጎ ክኒኑ ክዳኑ ላይ ይንከባለላል፣ ከክዳኑ በቀጥታ ወደ ታማሚው መዳፍ ይወርዳል፣ ታማሚው ይውጣል። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ከነጭራሹ ባትነካው ይመረጣል። እናታቸውን የሚያስታምሙ ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸውና ይህን ሳልናገር አላልፍም። መድኃኒቱን የሚወስዱት ሴትም ይሁኑ ወንድ በሕክምናው ወቅት እርግዝና እንዳይፈጠር መከላከያ ያስፈልጋል።

ክኒኑ አይሰበርም፣ አይታኘክም፣ አይፈጭም። መዋጥ ላቃታቸው አዛውንት ብሎ በሙቀጫ የሚወቅጥ ደግ ልጅ አይጠፋም። ብናኙን ራሱ ይተነፍሰዋል፤ ሙቀጫው ደግሞ ነገ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥበታል። መዋጥ ካስቸገረ ይንገሩን፣ ሌላ መላ ይፈለጋል።

ሌላ ዕቃ ውስጥ አይገልብጡት፤ ከደም ግፊቱና ከስኳሩ ክኒን ጋርም አይቀላቅሉት። ከልጆች ይራቅ። ብዙ ሰው «ልጅ እንዳይደርስበት» ብሎ ከቆርቆሮው ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ያ ቦታ ምድጃ ነው። የሚቆለፍ ሳጥን ይሻላል፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ። ፍሪጅ ውስጥ ይግባ ካልተባለ ፍሪጅ አያስፈልገውም።

መድኃኒቱ በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል። ከተዋጠ በኋላ ላሉት 48 ሰዓት ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውኃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት ከሆነ ክዳኑ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ይለቀቅ። ወንድም ቢሆን ተቀምጦ ቢሸና መረጨቱ ይቀንሳል። በጋራ ሽንት ቤት የምትጠቀሙ ተከራዮች መቀመጫውንና ወለሉን በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጉድጓዱንም ክደኑት። የተበላሸ ልብስና አንሶላ በጓንት ተይዞ፣ ጓንት ከጠፋ እጅ ላይ ፌስታል ተጠልቆ፣ ለብቻው በባልዲ ይታጠብ። ዓባይ ዳር ወይም ሐይቁ ላይ ሰው ውኃ ከሚቀዳበት ቦታ አይወሰድ።

ይህን ስል የሚደነግጥ አለ። ታማሚውን ማቀፍ፣ አብሮ መተኛት፣ ከአንድ መሶብ መብላት ምንም ችግር የለውም። ካንሰር አይተላለፍም። እጁን ከታጠበ ጉርሻውም ጉርሻ ነው። ለብቻው በሳህን የሚሰጠው አባት ከበሽታው ይልቅ ይሄ ሲጎዳው አይቻለሁ።

ትኩሳት፦ ምች ነው፣ ወባ ነው?

ኬሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም። ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስም ያወርዳል። ያ ሕዋስ በጣም ሲወርድ ተራ ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ሰውን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ነው። መግል የለም፣ እብጠት የለም። ትኩሳት ብቻ።

በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሦስት መልስ አለው። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጠጣል። «ወባ ነው» ተብሎ ከፋርማሲ መድኃኒት ይገዛል። ወይም ፓራሲታሞል ተውጦ ይተኛል። የኬሞ ክኒን ለሚወስድ ሰው ሦስቱም አደጋ ናቸው። በተለይ ፓራሲታሞሉ፤ ትኩሳቱን ያወርደውና ሁሉም ነገር ደህና ያስመስላል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ትኩሳት መለኪያ ይግዙ። ውድ ዕቃ አይደለም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ወይም ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠ፣ ሌሊትም ይሁን እሑድ፣ ያን ሰዓት ወደ ሆስፒታል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል «የኬሞ ክኒን ላይ ነኝ» ይሁን። ወባው እዚያው ይመረመራል። ወባ ቢገኝም እንኳ የደም ሕዋሱ መታየት አለበት።

ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ሰው ይህ በወሬ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ጀልባ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ዙሩን ከመጀመርዎ በፊት በሌሊት ማን እንደሚያሻግርዎ፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚደውሉ ይነጋገሩበት። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ዙር ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ሆኖ ይወስዳል። እኔ ጥሩ ዘዴ ነው እላለሁ፤ መድኃኒቱ ከሰውነትዎ ጋር መስማማቱ የሚታወቀው በብዛት ያኔ ነውና።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በሕክምናው ጊዜ ይቅር። ክትፎ ወዳዶች እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ። ዓሣው ግን በደንብ ተጠብሶ ይበላ፤ ጣና ዳር ሆኖ ዓሣ የሚከለከል ሰው የለም።

መቼ አይዋጥም?

«ልጄ፣ አንዲት ፍሬ አላጓደልኩም» ይላሉ አንዲት እናት በኩራት። እግራቸውን ሳይ ውስጥ እግሩ ቀልቷል፣ ተረከዙ ተልጧል፣ ነጠላ ጫማ እንኳ ረግጦ መቆም አልቻለም። «እማማ፣ መቼ ጀመረዎት?» «ሳምንት ሆነው። ታዲያ መድኃኒት ይቆማል እንዴ?»

ይቆማል። ካፔሲታቢን የራሱ ማቆሚያ ምልክቶች አሉት። በቀን ከወትሮው አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ተቅማጥ፣ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ማስታወክ። መብላት የከለከለ የአፍ ቁስል። ሥራ ወይም እርምጃ የከለከለ የመዳፍና የውስጥ እግር ሕመም። ትኩሳት። ከነዚህ አንዱ ከመጣ የሚቀጥለው ክኒን አይዋጥም፤ ይደወላል። የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ ስልክም አያስፈልግም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ የልብ ደም ሥርን ያኮማትራል።

ጥቂት ሰዎች ደግሞ ይህን መድኃኒት የሚሰባብረው ኢንዛይም ሲፈጠሩ ጀምሮ ይጎድላቸዋል ወይም ያንሳቸዋል። ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእነሱ ከባድ መርዝ ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አፍ መቁሰልና ብርቱ ተቅማጥ አንድ ላይ ከመጡ «ሰውነቴ እስኪለምደው» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ሰው ለምን አያቆምም? ሁለት ምክንያት አያለሁ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ «ካቆምኩ በሽታው ይበረታብኛል» ይላል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በሬ ተሸጦ፣ ከዕድር ተበድሮ የተገዛን መድኃኒት ማን ያቋርጣል? ግን ሐኪሙ ቀናት አስታግሶ፣ አስፈላጊ ከሆነም መጠኑን ቀንሶ እንደገና ማስጀመር ይችላል። ይህ የሕክምናው አካል ነው። በቆመበት ጊዜ ያልተዋጡት ክኒኖች በኋላ አይካሱም፤ ይዘለላሉ። ሳይቆም የቀጠለ ሰው ግን ሆስፒታል ተኝቶ ሙሉ ዙር ሊያመልጠው ይችላል፣ ከዚያም የባሰ።

ኢማቲኒብ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የማየው ችግር ያለ ምክር ማቆም ነው። ታማሚው ይሻለዋል፣ ደሙ ይስተካከላል፣ «ድኛለሁ» ይላል፣ ይተወዋል። በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ዓይን ሥር ማበጥ ወይም የጡንቻ መኮማተር ቢያስቸግርም ተናግሮ መፍትሔ ማግኘት ነው እንጂ በራስ ፈቃድ መተው አይደለም።

መዳፍና እግር ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ይቀቡ። ሙቅ ውኃ ውስጥ አይንከሩ፤ የሚያጠብቅ ጫማ ይተዉ። እንጀራ መጋገሩን ለዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ይያዘው፤ የምጣዱ ሙቀት የመዳፉን ሕመም ያባብሰዋል። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ቤት ይኑር።

ሌላ መድኃኒት ሲጨመር

ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ መግዛት ለምደናል። የኬሞ ክኒን ላይ ሲሆኑ ይህን ልማድ ይተዉት። ሜቶትሬክሴት ኮትሪሞክሳዞል ከሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደም ሕዋስን ክፉኛ ያወርዳል። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል መርካፕቶፑሪንን ሰውነት ውስጥ ያከማቸዋል። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካፔሲታቢን ሲጨመርለት ሊደማ ይችላል። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት ኢማቲኒብን ያደክመዋል፤ ግሬፕ ፍሩት የሚባለው ፍሬ ደግሞ ከልክ በላይ ያበረታዋል። «ቫይታሚን ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚባለው ፎሊክ አሲድ እንኳ የካፔሲታቢንን ጉዳት ያባብሳል። ጥቁር አዝሙዱንም፣ ከአዋቂ የመጣውን ሥራሥርም ይንገሩን። አንቆጣም። ቢያንስ እኔ አልቆጣም።

መጠኑ ሲቀየር ወይም ሕክምናው ሲያበቃ ክኒን ይተርፋል። ሽንት ቤት አይጣል፣ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል። ያንኑ መድኃኒት መግዛት ላልቻለ ሌላ ታማሚ መስጠትም ያጓጓል፤ ደግነት ነው። ግን የእሱ መጠን ከእርስዎ ይለያል፣ የደም ውጤቱም አይታወቅም። የተረፈውን ማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ፌስታል ውስጥ አስረው ወደሰጠዎት መድኃኒት ቤት ይመልሱ።